መብራት የማይቆርጡት፣ መብራትም የማይቀጥሉት ኢንጂነር ላጲሶ ኤርሲዶ

ከ1938 እስከ 1991 ዓ.ም.

ኢንጂነር ላጲሶ ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሄራኖ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዝመራ ላንቃሞ፣ ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩ በእርግጠኝነት አይታወቅም። እናታችን "ባቄላው ሲያብብ ነው" ይሉ ነበር፤ አባታችን ደግሞ "እንሰት ሲፋቅ ነው" ብለው ይከራከሯቸው ነበር። ወንድሜ ሥራ ሲይዙ የልደት ቀን ተጠየቁና ሁለቱንም ላለማስቀየም መስከረም አንድ ብለው አስመዘገቡ። እንግዲህ ይህ የሕይወት ታሪክ ገና ከመጀመሪያው ግራ የሚያጋባ ነገር አለበትና አንባቢም አድማጭም ይታገሠኝ።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው አዲስ ኤርሲዶ ነኝ። የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነው። ወንድሜን ዕድሜ ልኬን "አንተ" ስላቸው ኖሬ ዛሬ "እሳቸው" ስል አፌን ይይዘኛል። ሆኖም የሟች ወግ ይህ ነውና ወጉን እጠብቃለሁ። ከአፌ አምልጦኝ "አንተ" ካልኩ፣ ሐዘን ነው በሉት።

ኢንጂነር ላጲሶ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያችን በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ቀጥሎም ሆሳዕና ተምረው ስምንተኛ ክፍልን በ1953 ዓ.ም. ካጠናቀቁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ገቡና በ1963 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በቤተሰባችን የመጀመሪያው ተመራቂ እሳቸው ናቸው። አባታችን ለምረቃው ከሆሳዕና በአውቶቡስ መጥተው ጥቁሩን ካባ ሲያዩ "ቄስ ሆነ እንዴ?" ብለው ደነገጡ፤ ምክንያቱም የላኩት መብራት እንዲማር ነበር።

ከምረቃው በኋላ በኤሌክትሪክ ሥራ ተቀጥረው ለሃያ ስድስት ዓመታት በየክፍለ ሀገሩ መስመር ሲያስዘረጉ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲያስተክሉ ኖሩ። በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለም ወልዴ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በ1970 እዝራን፣ በ1974 ማራናታን ወለዱ። በዚያ ዘመን የምናመልክባቸው አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ስለነበር ምእመናን በየቤቱ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር፤ የወንድሜም ቤት ከነዚያ ቤቶች አንዱ ነበር። በኋላም በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከኢምፔሪያል ሆቴል ገባ ብሎ ገርጂ ላይ ቤት ሠሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የኖሩት እዚያው ነው።

እስከዚህ ያለው ለሁላችንም ግልጽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ኢንጂነር ላጲሶ ለሥልጠና ወደ ናይሮቢ ተላኩ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። እኛ ሸሚዝ ያመጣሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ወሬ ይዘው መጡ፦ ከየሞተሩና ከየፋብሪካው የሚወጣ ጋዝ ሰማይ ላይ እየተጠራቀመ ምድርን እያሞቃት ነው። ያኔ በሕይወት ለነበሩት ለእናታችን ሲያስረዱ "ምድር ላይ በጋቢ ላይ ጋቢ እየደረብን ነው" አሏቸው። እናታችን ትንሽ አሰብ አደረጉና "ታዲያ ቢደረብ ምን አለበት? የዚህን ከተማ ሐምሌ አታውቀውም?" አሉ። እኔ እውነቱን ለመናገር የእናታችንን ክርክር እስከ ዛሬ የሚረታ አልሰማሁም።

በ1989 ዓ.ም. ወደ አዲሱ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ቤተሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ሥራቸው ምን ነበር በሚለው ላይ ሳንስማማ ቀረን። እዝራ "ኢንስፔክተር በል" አለኝ። ማራናታ "አየሩን የሚጠብቅ" አለችኝ። ወይዘሮ ዓለም ደግሞ "ሰው በር የሚያንኳኳበት ሥራ" አሉ። በእኔ አረዳድ ነገሩ እንዲህ ነው፦ መሥሪያ ቤታቸው መብራት አያመነጭም፣ አይቀጥልም፣ አይቆርጥም፣ የተቃጠለም አይጠግንም። የሚያመነጨውና የሚሸጠው በምን ደንብ እንደሚሠራ ይወስናል፤ ጀነሬተር የሚተክል ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ይህን ለሰፈሩ ማስረዳት የሚቻል ነገር አልነበረም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤት የወንድሜን በር ያንኳኳል። እሳቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ይወጡና "እኛ እኮ ተቆጣጣሪ ነን እንጂ መብራት አናበራም" ይላሉ። ጎረቤትም "እሺ፣ እንግዲያው ይቆጣጠሩልንና ይምጣ" ይላል። በመጨረሻ ወይዘሮ ዓለም ሻማ በፓኬት እየገዙ በር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። የመጣው ሰው ማብራሪያውን ሰምቶ፣ ሻማውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። በማግስቱም "የመብራቱ ሰውዬ ደግ ናቸው" ይባልላቸዋል።

የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ወንድሜ እንደሚሉት፣ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር በመስመር ኤሌክትሪክ በተተካ ቁጥር ያ ጋዝ ይቀንሳል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ፈቃድ ሰጪው ነው። ከተማዋ ከማደጓ በፊት ደንቡ ካልተበጀ፣ ካደገች በኋላ የሚሰማ አይኖርም ይሉ ነበር። ያኔ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ሆቴሉና ፎቁ ገና መብቀሉ ነው፤ በየጓሮውም ጀነሬተር ይተከል ነበር። ኢንጂነር ላጲሶ ጀነሬተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ እንዲነሣ የሚል ግዴታ ፈቃዱ ላይ አስገቡ። ባለንብረቶቹም "ዛሬ አላስነሣንም" ሲሏቸው ክርክር አይገጥሙም፤ ወደ ጓሮ ዞረው የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በእጃቸው ይዳስሳሉ። በመጨረሻው ዘመናቸው ቀኝ እጃቸውን የጨበጣችሁ ሁሉ መዳፋቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ታስታውሱታላችሁ። ከባለ ሆቴሎቹ አንዱ ዋሽቷቸው የተረፋቸው ነው።

እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ግራ ይገባኝ ነበር። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። የእኛ አገር ድርሻ፣ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ከሌላው ዓለም ሲተያይ ኢምንት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ልጆቻችን ካረጁ በኋላ ነው። ታዲያ ይህን ለመከልከል በየጓሮው እጅ ማቃጠል ምን ይባላል? ስጠይቃቸው "አንተ ጭነት ስትመዝን የመጨረሻዋን ካርቶን ትተዋለህ?" አሉኝ። አልተውም፤ አውሮፕላን ነው። ሆኖም ይህ የእኔን ጥያቄ የሚመልስ መሆን አለመሆኑን ያኔም አላወቅሁም፣ አሁንም አላወቅሁም።

እዚህ ላይ አቶ አብዱልገኒን ላስተዋውቃችሁ። አቶ አብዱልገኒ የወሎ ሰው፣ ነጋዴ፣ የወንድሜ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ከአየር ማረፊያው በስተደቡብ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ገበሬው እህል የሚያስፈጭበት የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው። የሁለቱ ቤት ወዳጅነት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ለገና በወንድሜ ግቢ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለሙስሊም ጎረቤቶች። ሁለተኛውን አቶ አብዱልገኒ በገዛ ቢላዋቸው መጥተው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ በገዛ ድስታቸው እዚያው ይሠሩታል። ለኢድ ደግሞ ወንድሜ አጥሩን ዞረው ለክርስቲያኑ እንግዳ የሚሆነውን ያርዳሉ። በዚህ ዓይነት ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል።

በጥር 1990 ዓ.ም. የቡልቡላው ወፍጮ ሞተር አረጀና አቶ አብዱልገኒ አዲስ የናፍጣ ሞተር ሊገዙ ተነሡ። ወንድሜ ደግሞ በዚያው ሰሞን መስመር ሊዘረጋለት በታቀደ አካባቢ አዲስ የናፍጣ ወፍጮ እንዳይፈቀድ የሚለውን ደንብ አስጸድቀው ነበር። ቡልቡላ ደግሞ እቅድ ውስጥ አለ። በአጥሩ ላይ ሆነው "አብዱ፣ ናፍጣውን ተወው። እስከ ፋሲካ መስመሩ ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግዛ" አሏቸው። አቶ አብዱልገኒም የወዳጃቸውን ቃል ሰምተው የድሮውን ሞተር ሸጡ፣ የኤሌክትሪኩን ገዝተው አስተከሉ።

ፋሲካ መጣ፤ መስመሩ አልመጣም። ምሰሶው የሚያልፍበት ሜዳ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ የሚሉበት አቅጣጫ ሆኖ በመገኘቱ የምሰሶው ቁመት መጠናት ነበረበት። ጥናቱ ተገቢ ነው፤ እኔም እዚያው የምሠራ ሰው ነኝና አውሮፕላን ሽቦ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ግን ጥናት የሚባል ነገር ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይታይም። የቡልቡላ ወፍጮ ጸጥ አለ። ገበሬው እህሉን ተሸክሞ እስከ ገርጂ መምጣት ጀመረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ወይዘሮ ገንዘቤ የተባሉ የቡልቡላ ገበሬ፣ የበቆሎ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው ወንድሜ ቢሮ ገቡ። ጆንያውን ወለሉ ላይ ጣሉትና "አየሩን ለማን እንደምታስቀምጡት አላውቅም። አንተ መጀመሪያ ይህን ተሸከመውና ከዚያ ስለ አየር ንገረኝ" አሏቸው። ሌላ ሹም ቢሆን ዘበኛ ይጠራ ነበር። ኢንጂነር ላጲሶ ግን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ፣ ጆንያውን ተሸከሙ፣ በአውቶቡስ ወርደው ከነክራባታቸው ገርጂ ወፍጮ ቤት ድረስ ወሰዱት፤ ከዚያም ዱቄቱን ይዘው ሴትየዋን እስከ ቡልቡላ ሸኙ። ያን ቀን ኢምፔሪያል ያያቸው ሰው ሁሉ ሥራ ለቀው ነው ብሎ አዘነላቸው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ ቮልስዋገናቸው የቡልቡላን እህል ወደ ገርጂ ማመላለስ ጀመሩ። ኋላው ወርዶ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ሲሄድ ቮልሱ ያሳዝን ነበር። እኔም አንድ ቅዳሜ ሳግዛቸው "እንዴ፣ ይሄ መኪና የሚጠጣው ውኃ ነው እንዴ? አብዱ ወፍጮውን በናፍጣ ቢያስነሣው ከዚህ ባነሰ አይደለም?" አልኳቸው። መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። መሪውን እንደያዙ በአእምሯቸው ያሰሉ ጀመር። በመጨረሻ "ልክ ነህ" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ግራ መጋባት እስክሞት አልረሳውም። ቮልሱን ዳግመኛ ለእህል አላስነሡትም። በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሪ ተከራዩ፤ ኢንጂነሩም ከባለ ጋሪው ጎን ተቀምጠው ሄዱ።

አቶ አብዱልገኒ ሰላምታ አልነፈጓቸውም። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጨዋታ ግን ቀረ። ይህ ለወንድሜ ከስድብ የባሰ ነበር።

በኅዳር 1991 ዓ.ም. የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ተወልደ፣ እኔና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሁለቱን ለማስታረቅ በወንድሜ ሳሎን ተቀመጥን። አቶ አብዱልገኒም ተጠርተው መጡ። አቶ ተወልደ "ላጲሶ፣ ሥልጣኑ በእጅህ ነው። መስመሩ እስኪመጣ በናፍጣ እንዲሠራ ጊዜያዊ ፈቃድ ስጠውና ሰላም እንሁን" አሉ።

ወንድሜ እንዲህ መለሱ። "ጋሽ ተወልደ፣ እሱን ፈርሜ ብሰጠው ነገ አርባ ሰው በሬ ላይ ይቆማል። ለጎረቤቱ ፈቅዶ ለኛ ከለከለ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ደግሞ በዚህ አገር ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነገር ሲነሣ አይተው ያውቃሉ?"

አቶ ተወልደ ቀና ብለው አሰቡና "እሱስ የለም። የኔም ጣራ ጊዜያዊ ነው ከተባለ ሃያ ዓመት አለፈው" አሉ። ሽምግልናው እዚያው ላይ ተሰበረ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

አቶ አብዱልገኒ ወደ ወንድሜ ዞሩ። "እኔ ናፍጣ ፍቀድልኝ ብዬ አልለመንኩህም" አሉ። "ያልከኝን አድርጌያለሁ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው የሚመጣው?"

"አላውቅም፣ አብዱ" አሉ ወንድሜ። "ደንብ ነው ያለኝ። ምሰሶ የለኝም።"

አቶ አብዱልገኒ ተነሡ፣ በሩ ላይ ጫማቸውን አጠለቁ፣ "እሺ፣ አላህ ያሳይህ" ብለው ወጡ። ምን እንዲያሳያቸው እንደ ተመኙ ማናችንም አልገባንም።

የዚያ ዓመት ገና ሁለቱም በጎች ተገዝተው ነበር። ሁለተኛው በግ እስከ ማታ ታስሮ ዋለ። ቢላዋ ይዞ የመጣ አልነበረም። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሱም፤ እንግዳ ሲገባ ብቻ ብድግ ይላሉ። በበነጋው በጉን ወደ ገበያ መለሱት።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ሕመም ጀመራቸው። በመጀመሪያ የጨጓራ ተባለ፤ ቆይቶ የጉበት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በተለያዩ ሆስፒታሎች የሕክምና ርዳታ ተደረገላቸው። ሐኪሞቹ የሚሉትን እኛ አንረዳም፤ እኛ የተረዳነውን ደግሞ ሐኪሞቹ አይሉንም፤ እንዲሁ እየተምታታን ወራቱ አለፉ። ወይዘሮ ሐሊማ አጥሚት ሠርተው ይዘው ይመጡ ነበር። አቶ አብዱልገኒ ግን አልመጡም። ወንድሜ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚጠይቁት "አብዱ መጣ?" ብለው ነው። ማታም እንዲሁ። እኔ አንዴ "መስመሩ ሲመጣ ይመጣል" ስላቸው "እኔም እሱን ነው የምፈራው፤ ወፍጮው ሳይነሣ እኔ ብሄድ ቃሌን በልቼ ነው የምሄደው" አሉኝ። ሞትን አልፈሩም። የጌታ ሰው ነበሩ። የፈሩት ጎረቤታቸውን እንደ በደሉ መሄድን ነው።

በሰኔ ወር ከሆስፒታል ስንመለስ በቡልቡላ በኩል እንድናልፍ ለመኑን። ምሰሶዎቹ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተተክለው አገኘናቸው። ወንድሜ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ላይ አዩና "ሽቦውስ?" አሉ። ሽቦ የለም። የመሥሪያ ቤታቸው ሾፌር ሊያጽናናቸው ብሎ "በቅርቡ ይሳባል፣ ኢንጂነር" አላቸው። "ይህን ቃል እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኢንጂነር ላጲሶ ኤርሲዶ ሐሙስ ሐምሌ 8 ቀን 1991 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በመኖሪያ ቤታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ሽቦው አልተሳበም። ዛሬም አልተሳበም።

ዘመዶቻችን ከሆሳዕና እስኪገቡ ተብሎ ቀብሩ ለቅዳሜ ሐምሌ 10 ቀን ተወሰነ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ወይዘሮ ዓለም ስለ ቡልቡላው ጉዳይ ሰው ይቀራል ብለው ተጨንቀው ነበር፤ በየጊዜው ማን መጣ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ወንድሜ በሕይወት ቢኖሩ ሰፈሩ ወደ በራቸው ይመጣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሰፈሩ አስቀድሞ በራቸው ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ለድምፅ ማጉያው ብለው ጀነሬተር አምጥተው ከድንኳኑ ጀርባ አስነሡ። መዝሙሩ ተጀመረ።

አቶ አብዱልገኒ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ ነበር፤ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ በድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ። "ማነው ይሄን ያስነሣው?" አሉ። መዝሙሩ ቆመ።

"አጥፉት! ይሄ ሰው የኔን ወፍጮ ዝም አሰኝቶ ነው የሄደው። በሱ ለቅሶ ላይ ሞተር የሚጮህ ከሆነ፣ እኔ ዓመት ከመንፈቅ የተቀመጥኩት ለምን ነበር?"

ከወጣቶቹ አንዱ በትሕትና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ አይደለም፣ በቤንዚን ነው የሚሠራው" አላቸው።

"እሱ ቢኖር ልዩነት አለው ይልህ ነበር?" አሉት።

ልጁ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ወይዘሮ ዓለም አየሁ። የአቶ አብዱልገኒ ነገር ቁጣ ይሁን ፍቅር አልለየሁትም። እስከ አሁንም አልለየሁትም፤ ወንድሜም ቢጠየቁ የሚለዩት አይመስለኝም። ወይዘሮ ዓለም ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገለጥ አድርገው "አጥፉት፣ ልጆቼ" አሉ። ጀነሬተሩ ጠፋ። ድንኳኑ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ተሰማ። አቶ አብዱልገኒ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጮክ ብለው አለቀሱ። እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ጨክኜ የያዝኩት እንባ ያኔ ነው የወጣው።

ሰዓቱ ሲመሽ አቶ ተወልደ የነገውን አነሡ። ይህን ያህል ሕዝብ በመቃብሩ ስፍራ ያለ ድምፅ ማጉያ እንዴት ይሰማል? በዚህ ጊዜ አቶ አብዱልገኒ "ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሞተር ጋር ስጮህ ነው፤ ጉሮሮ አላጣም። አዲስ ከፊት ያንብብ፤ እኔ ከመሐል ቆሜ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ለኋለኛው እላለሁ" አሉ። መጋቢያችንም ፈቀዱ። እኔ ግን አስጠነቀቅኋቸው፤ በጽሑፉ ውስጥ እርስዎ አሉ፣ ወፍጮው አለ፣ የገናው በግ አለ፣ ያልመጡበት ወራት አለ አልኳቸው። "እንዳለ አንብበው። እኔም እንዳለ እላለሁ" አሉኝ።

ኢንጂነር ላጲሶ ባለትዳርና የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለም ወልዴን፣ ልጆቻቸውን እዝራንና ማራናታን፣ ታናሽ ወንድማቸውን እኔን፣ ዘመድ ወዳጆቻቸውንና በመብራት መጥፋት ሰበብ የተዋወቋቸውን ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ሥራህ ምን እንደነበረ ዛሬም በደንብ አልገባኝም፣ ወንድሜ። ደግ ሰው እንደነበርክ ግን ገብቶኛል።

በዝናብ፣ በጭቃ፣ በሌሊት ጉዞ መጥታችሁ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በዕቅፉ ያሳርፍ፤ ቤታቸውን ያጽና፣ ልጆቻቸውን ያሳድግ።

ከኋላ የቆማችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የሰማችሁት በአብዱልገኒ ድምፅ ነው።